የኔፓል ሰንደቅ ዓላማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን አቆጣጠር ሲጠቀስ «በእኛ» ተብሎ ተለይቷል።

የኔፓል ባንዲራ ምን ዓይነት ነው?

ሁለት ሦስት ማዕዘኖች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው የተጋጠሙበት ባንዲራ ነው። በምሰሶው በኩል ያለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። በሌላው በኩል ሁለት ሹል ጫፎች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ወደ ውስጥ የገባ ስርጉድ አለ። መደቡ ደማቅ ቀይ፣ ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። በላይኛው ክፍል እንደ ማጭድ የጎበጠች ነጭ ጨረቃ፣ በታችኛው ነጭ ፀሐይ አለች።

ጠጋ ብሎ ላየው፣ የታችኛው ሦስት ማዕዘን አናት ከላይኛው ጀርባ ገብቶ የተሸፈነ ነው። ሁለቱ ጫፍና ጫፋቸው ተነካክቶ የተቀመጡ አይደሉም። ብዙ ሰው በእጁ ሲሥለው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኩል የሆኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖችን ይደራርብና የገና ዛፍ ግማሽ የመሰለ ነገር ይወጣዋል።

ለምን እንደ ሌሎቹ አራት ማዕዘን አልሆነም?

ምክንያቱ ታሪኩ ነው። በደቡብ እስያ በቤተ መቅደስ አናት ላይ፣ በነገሥታት ሰልፍና በጦር ሜዳ ሲውለበለቡ የኖሩት ባንዲራዎች ብዙዎቹ ሦስት ማዕዘን ነበሩ። በኔፓል እንዲህ ያሉ ሁለት ባንዲራዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይሰቀሉ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሆኑ። ዛሬ በመላው ዓለም የምናየው አራት ማዕዘን ደግሞ በአብዛኛው ከአውሮፓውያን መርከቦች ልማድ የተስፋፋ ነው።

ኔፓል በእንግሊዞች ጦርነት ተሸንፋ በ1816 ሰፊ ግዛት ብታጣም ቅኝ ተገዝታ አታውቅም። ስለዚህ የነጻነት ቀን ሲመጣ ተቀምጦ አዲስ ባንዲራ የመንደፍ ጉዳይ አልገጠማትም፤ የነበራትን ይዛ ቀጠለች። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የኔፓል ባንዲራ ከአራት ማዕዘን ላይ ተቀንሶ የወጣ ቅርጽ አይደለም። ከሥር ጀምሮ የራሱ አሠራር ያለው ቅርጽ ነው። ከዚህ በታች የምታዩት ስሕተት ሁሉ የሚመጣው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ከኔፓል ሌላ አራት ማዕዘን ያልሆነ ብሔራዊ ባንዲራ ያለው አገር አለ?

የለም። የስዊዘርላንድና የቫቲካን ባንዲራዎች አራቱም ጎናቸው እኩል ስለሆነ ለየት ይላሉ፤ አራት ማዕዘን መሆናቸው ግን አልቀረም። በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ባንዲራ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። እሱ ግን የግዛት እንጂ የአገር ባንዲራ አይደለም። ኮሎምበስ ከተማ የምትኖሩ ወገኖች በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ አይታችሁት ይሆናል።

ጨረቃዋና ፀሐይዋ ምን ያመለክታሉ?

በብዛት የሚነገረው ትርጉም ምኞት ነው፦ ጨረቃና ፀሐይ በሰማይ እስካሉ ድረስ አገሪቱም ትኑር። ከዚህ ጎን ለጎን ጨረቃዋ የሕዝቡን እርጋታና የተራራውን ቅዝቃዜ፣ ፀሐይዋ ደግሞ ቆራጥነቱንና ታራይ የሚባለውን የቆላ ሜዳ ሙቀት ታመለክታለች ይባላል። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች የሂማላያ ተራሮች ናቸው የሚልም፣ የሂንዱና የቡድሃ እምነቶች ናቸው የሚልም አለ።

የቆየው ትርጉም ግን ከሥልጣን ጋር የተያያዘ ነው። ጨረቃዋ የንጉሡ ቤተሰብ፣ ፀሐይዋ የራና ቤተሰብ ምልክት ናት ይባል ነበር። ራናዎች ከ1846 እስከ 1951 ድረስ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ወንበር በቤተሰብ እየወረሱ፣ ወንድም ለወንድም እያስተላለፉ አገሪቱን የገዙ ናቸው። ይህ ትርጉም ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለ ባለቤት የለውም፤ ምኞቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ቀለሞቹስ?

ቀዩ በኔፓልኛ ሲምሪክ ይባላል። ወደ ሐምራዊ ጥቂት የሚያደላ ደማቅ ቀይ ሲሆን በሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ ብሔራዊ ቀለም ተብሎ ተጽፏል። በተራራው ወገብ ላይ የሚያብበው ብሔራዊ አበባቸው ላሊጉራስም የዚሁ ቀለም ነው። ሰማያዊው የሰላም ምልክት ነው ይባላል።

ሕገ መንግሥቱ ቀለሞቹን በስም እንጂ በቁጥር አይወስንም። በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው የተለመደው ልክ ለቀዩ ቀይ 220፣ አረንጓዴ 20፣ ሰማያዊ 60 ነው፤ ለሰማያዊው ቀይ 0፣ አረንጓዴ 56፣ ሰማያዊ 147። ጨርቅ ሲመርጡ ብርቱካንማ የሚመታ ቀይ አይውሰዱ። ሰማያዊውም በጣም ከጠቆረ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል።

አሁን ያለው ባንዲራ መቼ ጸደቀ? ከዚያ በፊት ምን ይመስል ነበር?

በዲሴምበር 16፣ 1962 (በእኛ ታኅሣሥ 7 ቀን 1955) በንጉሥ ማሄንድራ ዘመን ከወጣው ሕገ መንግሥት ጋር ጸደቀ። ከዚያ በፊትም ቅርጹ ሁለት ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ልኩ ግን እንደ ሰፊው ይለያይ ነበር። ጨረቃዋና ፀሐይዋም ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ያላቸው የሰው ፊት ነበሩ። በ1962 ፊቶቹ ወጥተው ምልክቶቹ ነጭ ቅርጽ ብቻ ሆኑ። የባንዲራውን ልክ በጂኦሜትሪ ያስተካከለው ሻንካር ናት ሪማል የተባለ ኔፓላዊ መሐንዲስ ነው።

ኤቨረስት መጀመሪያ በተወጣበት ቀን፣ ሜይ 29፣ 1953፣ ቴንዚንግ ኖርጌይ በበረዶ መጥረቢያው ላይ አስሮ ከፍ ያደረጋቸው የተባበሩት መንግሥታት፣ የብሪታንያ፣ የኔፓልና የሕንድ ባንዲራዎች ነበሩ። ያ የኔፓል ባንዲራ እንግዲህ የድሮው ነው፤ አዲሱ የጸደቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ንጉሡ ሲወርዱ ባንዲራው ለምን አልተቀየረም?

ኔፓል በሜይ 28፣ 2008 (በእኛ ግንቦት 20 ቀን 2000) ዘውዱን ሽራ ሪፐብሊክ ሆነች። የመንግሥት ዓርማው ቀደም ብሎ በ2006 መጨረሻ ተለውጦ ነበር፤ ብሔራዊ መዝሙሩም ተቀይሯል። ባንዲራው ግን ከሥርወ መንግሥቱ ይልቅ የአገሪቱ ነው ተብሎ ስለሚታይ እንዳለ ቀጠለ፤ እንዲያውም አዲሱ ዓርማ አናት ላይ ተሥሎ ገባ። በሴፕቴምበር 20፣ 2015 የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 8 ባንዲራውን ይገልጽና አሠራሩን በአባሪ 1 ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። ሕገ መንግሥታቸውን እርሳስና ኮምፓስ ይዞ ሊያነቡት ይችላሉ ማለት ነው። ይህን በጣም እወድላቸዋለሁ።

ጨረሮቹ ስንት ናቸው? የጨረቃዋ 8 ነው ወይስ 16?

የፀሐይዋ 12 ነው። የጨረቃዋ 16 ሆኖ የሚታየው 8 ብቻ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም «ከ16 ጨረሮች 8ቱ የሚታዩ» ይላል። የቀሩት ስምንቱ ከማጭዷ ጀርባ እንደተሸፈኑ ይታሰባል። 16 ጨረር ዙሪያውን የሣለ ሰው ተሳስቷል፤ 7 ወይም 9 የሣለም እንዲሁ።

ቦታቸውም ወሳኝ ነው። በፀሐይዋ ላይ አንዱ ጨረር በትክክል ወደ ላይ፣ አንዱ በትክክል ወደ ታች ያመለክታል። በጨረቃዋ ላይ ግን ስምንቱ በመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ አራት አራት ሆነው ስለሚከፈሉ፣ በትክክል ወደ ላይ የሚያመለክተው ጨረር ሳይሆን በሁለት ጨረሮች መካከል ያለው ሸለቆ ነው።

ቀዩን ቅርጽ እንዴት ልሣለው?

መነሻው የታችኛው መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወለዳል። እዚህ 60 ሴንቲ ሜትር እንውሰድ። በ90 ሊሠሩ ከፈለጉ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በ1.5፣ በ120 ከሆነ በ2 ያባዙ።

ከ«ሀ» ወደ ቀኝ እስከ «ለ» 60 ሴንቲ ሜትር ያስምሩ። ከ«ሀ» በ90 ዲግሪ ወደ ላይ እስከ «ሐ» 80 ሴንቲ ሜትር ያስምሩ፤ ይኸውም የመነሻው መስመር ርዝመትና ሲሶው ሲደመር ነው። በዚሁ ቋሚ መስመር ላይ ከ«ሀ» 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው «መ»ን ምልክት ያድርጉና «ለ»ን ከ«መ» ጋር በሰያፍ ያገናኙ። አሁን ከ«ለ» ተነሥተው በሰያፉ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው «ሠ»ን ያስቀምጡ። በ«ሠ» በኩል የሚያልፍ፣ ከታችኛው መስመር ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ይሥሩ፤ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት «ረ» ነው። ከ«ረ» ወደ ቀኝ 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው «ሰ»ን ያግኙና ከ«ሐ» ጋር ያገናኙት። ቀዩ ቅርጽ ሀ፣ ለ፣ ሠ፣ ሰ፣ ሐ ነው። ከ«መ» እስከ «ሠ» ያለው ሰያፍ እና ከ«ረ» እስከ «ሠ» ያለው መስመር ረዳቶች ስለሆኑ ይጠፋሉ።

ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ። «ረ» ከታችኛው መስመር 42.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ከ«ሠ» እስከ «ሰ» ያለውም ርቀት ያው 42.4 ነው፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስተዋል። ከ«ሐ» እስከ «ሰ» ያለው ጎን ደግሞ 70.8 ይሆናል። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው «ሠ»ን ከ«ለ» ሳይሆን ከ«መ» በመለካት ነው፤ ያን ጊዜ ስርጉዱ በጣም ወደ ታች ወርዶ የታችኛው ጫፍ ይቀጥናል።

ጨረቃዋንና ፀሐይዋንስ?

ሁለቱም ማዕከላቸው በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ነው። እሱም ከግራው ጎን የመነሻውን ሩብ ያህል፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የባንዲራው መሃል አይደለም። ምልክቶቹን «ወደ መሃል ላምጣቸው» ያለ ሰው ጨረቃዋን ወደ ሹሉ ጫፍ ያስጠጋትና ታንቃ ትታያለች።

በሕገ መንግሥቱ ላይ የጨረቃዋ አሠራር በርካታ ደረጃዎች አሉት። ውጤቱ በ60 ሴንቲ ሜትር ልክ ሲሰላ ይህ ነው። በዚያ ቋሚ መስመር ላይ ከታች ለክተው 61.2፣ 56.5 እና 51.0 ሴንቲ ሜትር ላይ ሦስት ነጥቦች ያድርጉ። ኮምፓሱን 61.2ቱ ላይ ተክለው በ12.84 ራዲየስ ወደ ታች ቅስት ይሥሩ፤ ይህ የማጭዷ የውስጥ ጠርዝ ነው። 56.5ቱ ላይ ተክለው በ11.95 ራዲየስ ግማሽ ክብ ወደ ታች ይሥሩ፤ ይህ የውጭ ጠርዟ ነው፤ ሁለቱ ቅስቶች ቀንዶቹ ላይ ይገናኛሉ። ለጨረሮቹ 51.0ው ላይ ተክለው ወደ ላይ ሁለት ቅስቶች ይሥሩ፣ አንዱን በ5.56 አንዱን በ7.72። ስምንቱ እኩል ሦስት ማዕዘኖች በሁለቱ ቅስቶች መካከል ይገባሉ።

ፀሐይዋ ቀላል ናት። በዚያው መስመር ላይ ከታች 21.2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ኮምፓሱን ይትከሉና በ8.14 እና በ12.84 ራዲየስ ሁለት ክቦች ይሥሩ። 12ቱ ጨረሮች በክቦቹ መካከል በየ30 ዲግሪው ይቀመጣሉ። የፀሐይዋ ትልቁ ክብ ከጨረቃዋ የውስጥ ቅስት ጋር አንድ ራዲየስ ነው ያለው፤ ስለዚህ ኮምፓሱን ሳይዘጉ ሁለቱንም መሥራት ይቻላል። የግራው ጨረር ጫፍ ከሰማያዊው ጠርዝ 2.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ ቢጠብም ትክክል ነው።

ሰማያዊው ጠርዝ ለምን ሁልጊዜ ይበላሽብኛል?

ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ስፋቱ በግምት የሚወሰን አይደለም። ከጨረቃዋ አሠራር የሚወጣ ልክ ሲሆን በ60 ሴንቲ ሜትሩ ባንዲራ 2.58 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚታከለውም ከቀዩ ውጭ ነው፤ ከቀዩ ላይ ከተቀነሰ ጨረቃዋና ፀሐይዋ ጠርዙን ይነኩታል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ሕጉ በአምስቱም ማዕዘኖች የውጩ ማዕዘን ከውስጡ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ስለዚህ ማዕዘኑ በሾለ ቁጥር ሰማያዊው ይረዝማል። በላይኛው ሹል ጫፍ ማዕዘኑ 32 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሰማያዊው ከቀዩ ጫፍ ወደ ቀኝ 9.0 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በታችኛው ጫፍ፣ 45 ዲግሪ ላይ፣ 6.2 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ አናቱ ላይ ወደ ላይ 4.7። ቀዮቹ ጫፎች እኩል ርቀት ላይ ቢሆኑም በተጠናቀቀው ባንዲራ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀድማል። ይህን ያላወቀ ልብስ ሰፊ «ተዛባ» ብሎ በመቀስ ያስተካክለዋል፣ ወይም ጥብጣቡን አጥፎ ጫፉን ያደነድነዋል። አያስነኩት። ጥብጣብ ዙሪያውን ከማዞር ይልቅ ሙሉውን የውጭ ቅርጽ ከሰማያዊ ጨርቅ ቆርጦ ቀዩን ላዩ ላይ መስፋት ይቀላል። ስርጉዱ ላይ ቀዩን ሲያጥፉ ጥጉን በመቀስ ጫፍ ጥቂት ይሰንጥቁት፤ ያለዚያ ይሸበሸባል።

ባንዲራው በገመድ የሚሰቀል ከሆነ የግራው ጠርዝ እንደ ሌላው ነው። በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ የሚገባ ከሆነ ግን ሕጉ የዚያን ጎን ጠርዝ እንዳስፈላጊነቱ ማስፋት ይፈቅዳል።

ከሌሎች አገሮች ባንዲራ ጋር ሲሰቀል ወይም ሲታተም ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከኳታርና ከኤምሬቶች ብዙ ይመጣል። በየሥራ ቦታው ኔፓላውያንና ኢትዮጵያውያን አብረው ስለሚሠሩ በበዓልና በእግር ኳስ ውድድር ባንዲራዎቹ ጎን ለጎን ይታተማሉ። የኛ ባንዲራ ስፋቱ የቁመቱ እጥፍ ነው፤ የኔፓሉ ግን ስፋቱ ከቁመቱ ያነሰ ነው። አታሚው ሁሉንም በአንድ ሳጥን ሊያስገባ ሲል የኔፓሉን ይጎትተውና ጨረቃዋ ጀልባ፣ ፀሐይዋ እንቁላል ትሆናለች። ወይም ነጭ አራት ማዕዘን ላይ ይለጥፈዋል። ነጩ የባንዲራው አካል ስላልሆነ ኔፓላዊ ሲያየው ቅር ይለዋል፤ እውነትም አለው።

ትክክለኛው መንገድ ቁመቱን ከሌሎቹ ጋር እኩል ማድረግና ስፋቱን እንዳለ መተው ነው። ሌሎቹ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካላቸው የኔፓሉ ስፋት 73.8 ይሆናል። የምስሉ ፋይል ዳራው ግልጽ እንጂ ነጭ የተሞላ አይሁን። ጨርቁን ሲያዝዙም «በቅርጹ የተቆረጠ» ብለው በግልጽ ይንገሩ።

ተገልብጦ መሰቀሉን በምን አውቃለሁ? ከጀርባው ሲታይስ?

ጨረቃዋ ምንጊዜም ከላይ ናት፤ ቀንዶቿም ወደ ሰማይ ያያሉ። ሰፊው ግርጌ ወደ ላይ፣ ሹሉ አናት ወደ ታች ከሆነ ተገልብጧል። ከጀርባው ሲታይ ቀጥ ያለው ጎን በቀኝ በኩል ይሆናል፤ ይህ ትክክል ነው። በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ቀጥ ያለው ጎን በተመልካቹ ግራ ይሁን።

ቁመትና ስፋቱ ስንት ለስንት ነው? ቁጥሩ ለምን በየቦታው ይለያያል?

ጠርዙን ጨምሮ ቁመቱ ለስፋቱ 1.219 ገደማ ለ1 ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር መነሻ የተሠራው ባንዲራ ሲጠናቀቅ 87.2 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 71.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። 4 ለ3 የሚል ካያችሁ ጠርዙን ሳይጨምር ቀዩን ብቻ የለካ ሰው የጻፈው ነው፤ 80 ለ60 መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ልዩነት የመጣው ከማጠጋጋት ነው። «ሠ»ን ስናስቀምጥ በሰያፉ ላይ የመነሻውን ርዝመት ለካን። የሰያፉ ርዝመት ከጎኑ ጋር ሲነጻጸር የ2 ዳግም ዘር ስለሆነ፣ የአስርዮሽ ቁጥሩ ማለቂያና ድግግሞሽ የለውም፤ ጨረቃዋን ስንሠራ ደግሞ ሌሎች ዳግም ዘሮች ይጨመሩበታል። ስለዚህ የኔፓል ባንዲራ ልክ እንደ 2 ለ3 ወይም 1 ለ2 ባሉ ሙሉ ቁጥሮች በትክክል አይጻፍም፤ አንዱ 1.22 ይላል፣ ሌላው 1.21901። በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ቅርጹን ከዚህ ቁጥር ባይጀምር ይሻለዋል። ከታችኛው መስመር ተነሥቶ ደረጃዎቹን ቢከተልና ጠርዙን መጨረሻ ላይ ቢያክል ቁጥሩ በራሱ ይመጣል።